ደምለው እድር ሲገባ

መጽሐፍ ጽፌ ነበር። ከእንግዲህ ግን ማንም ሰው «ጻፊ» ቢለኝ፣ በያዝኩት ማንቆርቆሪያ ነው የምለው።

ወርቅአየሁ እባላለሁ። ሞያሌ፣ በኬንያው በኩል፣ ማንያታ ሰፈር መግቢያ ላይ ትንሽ ምግብ ቤት አለችኝ። ጠዋት ሻይና ቻፓቲ፣ ምሳ ላይ ፓስታና ጥብስ ነው የምሸጠው። ከሰዓት በኋላ ሰው ጋብ ሲል ከጓዳው በር አጠገብ ካለችው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ እጽፍ ነበር። መጽሐፉ አዲስ አበባ ታተመ፣ በካርቶን ሆኖ በአውቶቡስ እስከ ድንበሩ መጣ፣ ከዚያ በጋሪ ተሻገረ። «እስቲ ማን ያነበዋል?» ብዬ ነበር። አይ እኔ! ምነው ባላነበቡት!

ጥፋቱ የሊና ነው። ሊና አጠገቤ የስልክ ሽፋንና ካርድ የምትሸጥ ልጅ ናት፤ ምላሷ አያርፍም፣ ድምጿ ግን ማር ነው። መጽሐፉን ምዕራፍ በምዕራፍ እያነበበች በስልኳ ቀድታ በሰፈሩ የዋትስአፕ ቡድን ለቀቀችው። ፊደል የቆጠረውም ያልቆጠረውም፣ ሐበሻውም ቦረናውም ሰማው። ብዙም ሳይቆይ ከተማው በሙሉ ስለ ታፈሰ ያወራ ጀመር።

ታፈሰ የመጽሐፌ ሰው ነው። መታወቂያ የሌላቸውን ሰዎች ከፖሊስ ኬላ እየሰወረ፣ በእግር በጫካ ወደ ደቡብ የሚወስድ መንገድ መሪ ነው። አንድ ጊዜ ከሚመራቸው መሀል አንድ ወጣት ደረቅ ወንዝ ውስጥ ወድቆ እግሩ ይሰበራል። ውሃ እያለቀ ነው፣ ፀሐዩ ይፋጃል። ታፈሰ ልጁን ከጥላ ሥር አስቀምጦ፣ «እመለሳለሁ» ብሎት፣ ሌሎቹን ይዞ ይሄዳል።

እኔ ይህን ሰው ሕዝብ እንዲጠላልኝ ነበር የጻፍኩት። ሕዝብ ወደደው!

ሁቃ የሚባል ቦዳቦዳ፣ የሞተር ታክሲ፣ ነጂ ደንበኛ አለኝ፤ ሞተሩን በር ላይ አቁሞ በየጠዋቱ ሻይ ይጠጣል። ቦረና ነው፣ አማርኛን የለመደው ከገበያ ነው። አንድ ቀን ቻፓቲውን እየጠቀለለ፣

«ወርቄ፣ ወላሂ ታፈሰ ወንድ ነው» አለኝ።

«ምኑ ነው ወንድ? ሰው ጥሎ የሄደ!»

«ምን ያድርግ? ውሃ የለ። ያ ሁሉ ሰው ይሙት? እኛ እንኳ ድርቅ ሲመጣ የወደቀች ላም ጥለን ነው የምንሄደው። እያለቀስን እንሄዳለን።»

«ልጁ ላም ነው?»

«ፖሌ፣ ፖሌ» አለ፣ በስዋሂሊ ይቅርታ መጠየቁ ነው። «ግን አንቺ ራስሽ ነሽ የጻፍሽው። ተመልሶ መጥቶ ቀበረው አይደል? መጥፎ ሰው ይመለሳል?»

ሊና ከሱቋ አንገቷን አውጥታ «እኔስ ታፈሰን ባገኘው አገባው ነበር!» አለች።

«አግቢው! እግርሽ የተሰበረ ቀን ታገኚዋለሽ!» አልኳት።

ሁለቱም ሳቁብኝ። የዚያን ቀን የሁሉንም ሰው ሻይ ያለ ስኳር ነው የቀዳሁት።

በዋትስአፑም ገብቼ ሞክሬያለሁ። «ታፈሰ ነፍሰ ገዳይ ነው፣ ደራሲዋ እኔ ነኝ፣ ይኸው ተናገርኩ» ብዬ ጻፍኩ። ከጎዶማ ሰፈር አንዲት ሴት በድምፅ መለሰችልኝ፤ «አንቺ ሴትዮ፣ ጽፈሽ ሰጥተሽናል፣ አሁን ምን አገባሽ? ልባችንን አትረብሺው» አለችኝ። አንዱ ደግሞ፣ ደራሲዋ ወንድ ክዷት መሆን አለበት፣ ቂሟን በታፈሰ ላይ እየተወጣች ነው አለ። እኔም የሚገባውን መለስኩለት፣ አልደብቅም፣ አባቱንም ጨምሬ። ሊና ወዲያው ከቡድኑ አስወጣችኝ። ከራሴ መጽሐፍ! ጉድ እኮ ነው።

ሰው ለምን እንዲህ እንደምንገበገብ አያውቅም ልል አልችልም። ያውቃሉ። ልጁ ወንድሜ ነው፤ ኪሩ።

ወላጆቼ በስደት ነው እዚህ የገቡት። ኪሩ እዚሁ ተወልዶ፣ እዚሁ ተምሮ፣ ስዋሂሊው ከአማርኛው ይበልጥ ነበር፤ ኪፓንዴ ግን፣ የኬንያን መታወቂያ ማለቴ ነው፣ ሳይሰጡት ቀሩ። ያለ እሱ በመኪና ወደ ናይሮቢ መሄድ ዘበት ነው፤ በየኬላው ያወርዱሃል። ናይሮቢ ሥራ አገኘሁ ብሎ፣ ከድንበር ማዶ ከመጡ መንገደኞች ጋር ተቀላቅሎ በእግሩ ወጣ። መሪያቸው ደምለው የሚባል ሰው ነበር። ታፈሰ ማለት ደምለው ነው፤ ይህንንም ከተማው ሳልነግረው ያውቃል።

ደምለው ኪሩን ቦሪ ከምትባለው መንደር ወዲያ ጥሎት መሄዱን ሌሎቹ መንገደኞች ናይሮቢ ሲደርሱ ደውለው ነገሩን። ሰው ልከን አስፈለግን፤ የተገኘ ነገር የለም። በዚያ አገር ጅብ ምንም አያስተርፍም። ከዚያ በኋላ ስለሆነው ግን የምናውቀው ሁለት ሰዎች ብቻ ነን፤ ደምለውና እኔ። ወደ ከተማ እንደተመለሰ አንድ ጠዋት መጥቶ ምግብ ቤቴ በር ላይ ቆመ። «ውሃው ጋ ስንደርስ የመኪና ድምፅ ሰማሁ። ፖሊስ መሰለኝ፣ ፈራሁ። አልተመለስኩም» አለኝ። የፈላ ውሃ ይዤ ነበር፣ ደፋሁበት። እጁ ላይ ጠባሳው እስከ ዛሬ አለ። ለእናቴ ግን አልነገርኳትም። ልጅሽ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሰው እየጠበቀ ሞተ፣ ማንም አልተመለሰለትም ተብሎ ለእናት እንዴት ይነገራል?

እንግዲህ ይህንን እውነት እንዳለ ልጽፍ ነው የተቀመጥኩት። እዚያ ምዕራፍ ላይ ስደርስ እጄ እምቢ አለኝ። ወንድሜን ሁለተኛ ጊዜ ለጅብ ልስጠው? አልሰጥም! ስለዚህ ታፈሰን መለስኩት። ሌሎቹን ውሃው ጋ አድርሶ፣ ብቻውን ተመልሶ፣ ልጁን ሞቶ አገኘው፤ እጁ ደም እስኪለብስ ቆፍሮ አፈር አለበሰው። ለታፈሰ አዝኜ አይደለም፣ ሞቼ እገኛለሁ! መቃብር የሚቆፍርልኝ ሰው አጥቼ ነው። በዚያ ምድረ በዳ ከእሱ ሌላ ሰው አልነበረኝም።

ከዚያ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ከቀበረው ለምን አልተናገረም? አንባቢ ይጠይቃል። ስለዚህ ታፈሰ ለማንም እንዳይናገር አደረግኩት። ሲጠይቁት «አልተመለስኩም» ነው የሚለው፤ ዘግይቶ የደረሰ ሰው ደረስኩ ለማለት አፍ የለውም ብሎ ያምናል። በመጨረሻ ብቻውን ታሞ ይሞታል፣ ቀባሪም ያጣል። እኔ ይህን ቅጣት ብዬ ነበር። አንባቢዎቼ ቅድስና ነው አሉት።

«ሊና፣ የቀብሩ ምዕራፍ እኮ ውሸት ነው» አልኳት አንድ ቀን፣ ሱቋ ድረስ ሄጄ።

«ልብ ወለድ ሁሉ ውሸት አይደል?» አለችኝ፣ ስልክ እየጠራረገች። «እኔ ግን ሳነበው አልቅሻለሁ። ውሸት ያስለቅሳል?»

«ደምለው ታፈሰ አይደለም ነው የምልሽ።»

«ታዲያ ማን ነው?» አለች። እውነተኛ ጥያቄ ነበር፣ ስታሾፍብኝ አልነበረም።

ደምለው ማንያታ ውስጥ፣ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ነው የሚኖረው። የተሰነጠቀ ጀሪካን እየጠገነ ያድራል። ሚስት የለው፣ ዘመድ የለው፤ ደረቱንም ያመዋል። ድሮ ሲያዩት መንገድ የሚቀይሩ ሴቶች ሾርባ ይልኩለት ጀመር። «ያ ደምለው» የነበረው «ጋሽ ደምለው» ሆነ። እሱ መጽሐፉን አላነበበም፣ አልሰማምም፤ ስልኩ ከመደወል ሌላ የማታውቅ አሮጌ ናት። የሾርባ ሳህን ታቅፎ፣ ግራ ገብቶት በሩ ላይ ቆሞ አይቼዋለሁ።

ይህን ሁሉ በቻልኩት ነበር። ያልቻልኩት የእናቴን ነው።

እናቴ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው፤ ሰፈሩ የኪሩ እናት ይላታል። ኪሩ ከጠፋ ጀምሮ ከል ለብሳ ነው የኖረችው። ሬሳ ከሌለ ሐዘኑ መቼ ያልቃል? አርባው ከየት ይቆጠራል? «በቃሽ» ሊላት የደፈረ ሰው የለም፤ ጥቁሩ ሲያልቅ ሌላ ጥቁር ታስገዛኛለች። ሊና ያነበበችውን ስትሰማ የቀብሩን ምዕራፍ ደጋግማ አስከፈተቻት። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ፣ ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር። በማግሥቱ ገላዋን ታጠበች። ከሉን አውልቃ ነጭ ቀሚሷን ለበሰች።

«እማዬ፣ ምን ተገኘ?» አልኳት።

«ልጄ ተቀብሯል፣ ወርቄ። ከእንግዲህ ምን እጠብቃለሁ?»

«እማዬ... ልብ ወለድ እኮ ነው። እኔ ነኝ የፈጠርኩት።»

ሳቀችብኝ። ከስንት ዘመን በኋላ ጥርሷን አየሁት። «አንቺ ከየት አምጥተሽ ትፈጥሪዋለሽ? እጁ መድማቱን ሳይቀር ጽፈሻል። ነግሮሽ ነው እንጂ። አትናገሪ ብሎሽ ይሆናል፤ እኔም አልጠይቅሽም።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ወረቀቱን የጻፍኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ እንቅልፍ ተኛች፣ እህል ቀመሰች፤ ለደምለውም ቆሎ ቆልታ ትልክለት ጀመር።

ጋሼ መክብብ የእድራችን ዳኛ ናቸው። እዚህ ለምንኖር ሐበሾች እድር ማለት ዘመድ ነው፤ ሬሳ የሚያነሣ፣ ድንኳን የሚተክል፣ ከሐዘንተኛ ጋር የሚቀመጥ ሌላ ማን አለን? እድር የሌለውን የካውንቲው አስተዳደር መኪና ነው ጭኖ የሚወስደው። ደምለው ለመግባት ደጋግሞ ጠይቆ ነበር። የእድራችን ደንብ ግን አንድ ነገር አለው። አዲስ ሰው በጉባኤው ፊት ይቆማል፣ «ደም ያለው፣ ቂም ያለው ይናገር» ይባላል፤ አንድ ሰው እንኳ ከተነሣበት አይገባም። እኔ ሁልጊዜ እነሣበት ነበር።

አንድ ቀን ጋሼ መክብብ መጥተው ሻይ ሳያዙ ተቀመጡ።

«መጽሐፍሽን ሰምቼዋለሁ። ግሩም ነው። መጨረሻውን ግን አበላሽተሽዋል።»

«እንዴት ጋሼ?»

«ያን የመሰለ ሰው ቀባሪ አጥቶ ይሞታል? ይህ ከክርስቲያን ብዕር ይወጣል?»

«ከእኔ ወጥቷል። የእጁን ነው ያገኘው።»

«ጨክነሽበታል። እኛ ተነጋግረን እናስተካክለዋለን ብለናል። ደምለው በመጪው እሑድ እድር ይገባል። ደረቱ ጠንቶበታል፣ ብዙም የሚቆይ አይመስልም። ባትነሺበት ደስ ይለናል።»

«ጋሼ፣ እርስዎም? ደምለው እኮ ታፈሰ አይደለም!»

«ተይ እንግዲህ» አሉና ባርኔጣቸውን አነሡ። «ታፈሰን ከአንቺ ይልቅ እኛ እናውቀዋለን።»

ይኼ ነው እንግዲህ! የገዛ እጅህ የሠራውን ሰው «አንተ አታውቀውም» ስትባል እስቲ ምን ትላለህ? በንዴት ሦስት ብርጭቆ ሰበርኩ። እሑድ እነሣለሁ አልኩ፤ እነሣና እውነቱን አፈርጠዋለሁ፣ የመጣው ይምጣ። ከዚያ ወደ ቤት ስገባ እናቴ ለእሑድ የምትለብሰውን አዲስ ነጠላ በመዳፏ እያስተካከለች አገኘኋት። ወደ ጓዳ ገባሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የእድሩ ሸራ ተወጥሮ፣ አግዳሚው ሁሉ በሰው ሞልቶ ነበር። ሰማዩ ከብዶ ይዋል እንጂ አይዘንብም። ከመንገዱ የሚነሣው አቧራ ጥርስ ውስጥ ይገባል። እናቴ ነጭ ለብሳ ከጎኔ ተቀምጣለች። ደምለው በበትር ተደግፎ መጣ። ከስቷል፤ ኮቱ የሌላ ሰው ይመስላል። ሰዎች ቦታ ለቀቁለት፣ አንዷም ትከሻውን ሳመችው። እሱ የሚያየው እኔን ብቻ ነበር።

ጋሼ መክብብ ስሙን ጠርተው «ደም ያለው፣ ቂም ያለው ይናገር» አሉ።

ልነሣ ስል እናቴ እጄን ያዘችኝ፤ አጥብቃም አይደለም። ይህኔ ደምለው ራሱ አፉን ከፈተ።

«እኔ አለኝ» አለ።

«በማን ላይ?»

«በራሴ ላይ። ያልሆነ ነገር ሰምታችኋል። ለምን ሾርባ እንደምትልኩልኝ አላውቅም ነበር፤ ትናንት ሁቃ ነገረኝ። እኔ አልተመለስኩም። ልጁን አልቀበርኩትም። ጥዬው ሄጃለሁ፣ በቃ።»

ጎሽ! አልኩ በሆዴ። ከኪሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ሰው አከበርኩት። ከኋላ በኩል ግን የሊና ድምፅ መጣ፣ እያለቀሰች።

«አያችሁ? አያችሁልኝ? ልክ እንደ መጽሐፉ!»

ሰዉ በአንድ ጊዜ ተንጫጫ። «ወይ ትሕትና!» የሚል አለ፣ «እግዚአብሔር ያክብርህ» የሚል አለ፣ ከንፈሩን የሚመጥ አለ። ደምለው ዙሪያውን አየ።

«የምን ትሕትና? ፈርቼ ነው እኮ የምላችሁ! መኪና ሰማሁ፣ ፖሊስ መሰለኝ፣ ሮጥኩ። ልጁ እየጠበቀኝ...» ሳሉ አቋረጠው።

«እሺ ወንድሜ፣ እሺ» አሉ ጋሼ መክብብ፣ እንደ ሕፃን እያባበሉት። «እንዲህ እንደምትል እናውቃለን። እኛ የምንቆጥርልህ ያደረግከውን ነው።»

«ምን አደረግኩ? ማን አየኝ?» በበትሩ ወደ እኔ ጠቆመ። «እሷን ጠይቋት! ያን ጊዜ ነግሬያታለሁ። ወርቅአየሁ ታውቃለች!»

ያ ሁሉ ፊት ወደ እኔ ዞረ። ተነሣሁ። ቃሉ አፌ ላይ ነበር፤ እውነቱን ነው፣ አልተመለሰም፣ መቃብር የሚባል ነገር የለም፣ እኔ ነኝ የፈጠርኩት። ግን እናቴም እጄን ሳትለቅ አብራኝ ተነሣች።

«እኔ የኪሩ እናት ነኝ» አለች። «ደሙም ቂሙም የእኔ ነው። ይህ ሰው ልጄን ጥሎት ሄዷል፣ አዎ። ግን ተመልሶ አፈር አልብሶልኛል። ለልጄ አፈር ላለበሰ ሰው እኔ አፈር አልከለክልም።» ከዚያ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። «አይደለም እንዴ ወርቄ? ተመልሷል፣ አይደለም?»

ነጠላዋ ገና የአዲስ ሽታው አልለቀቀውም። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይላሉ፤ ይህን የተረተ ሰው ልጇ የጠፋባትን እናት በዓይኑ አላየም። ደምለውን አየሁት። ዓይኑ ይለምነኝ ነበር፤ በዪ፣ በዪ እንጂ ይለኛል።

«ተመልሷል፣ እማዬ» አልኩ። «መጽሐፉ ላይ እንዳለው ነው።»

እልልታው ቀለጠ። ሰዎች እየተነሡ ደምለውን አቀፉት፣ ሳሙት። እሱ እጁን እንኳ አላነሣም። እኔ ተመልሼ ቁጭ አልኩ።

እናቴ ሰዉን አልፋ ሄዳ የደምለውን እጅ ያዘች። «ልጄ፣ እስከ ዛሬ አፍሬ ነው ያልጠየቅኩህ። ወደ እሱ ትወስደኛለህ። ቄስ ይዘን ሄደን ፍትሐት እናስደርግለታለን። ሁቃም መኪና አገኝላችኋለሁ ብሎኛል።»

«እናቴ፣ መቃብር የለም» አላት ደምለው።

«እሺ፣ እሺ» አለች፣ እጁን እየዳበሰች። «እስከ ቅዳሜ ይሻልህ ይሆናል።»

በዚያው ሳምንት አንድ ቀን፣ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ደምለው ምግብ ቤቴ መጣ። አካፋ ተሸክሟል፤ የእድሩ አካፋ ነው፣ አባል ስለሆነ ሰጥተውታል። ሊሰድበኝ የመጣ መስሎኝ ቀድሜው ልጮህ ነበር።

«ለምን ዋሸሽብኝ?» አለ፣ ቀስ ብሎ።

«ለአንተ ብዬ አይደለም።»

«አውቃለሁ፣ ለእሷ ነው። እኔ ግን ይህን ሁሉ ዘመን የሚፈርድብኝ ሰው ስጠብቅ ነው የኖርኩት። በጠላሽኝ ቁጥር፣ በእድሩ በተነሣሽብኝ ቁጥር፣ ቢያንስ አንድ ሰው ያደረግኩትን ያውቃል እል ነበር። አሁን አንቺም ተውሽኝ።»

«ቁጭ በል፣ ሻይ ልስጥህ» አልኩ። አልተቀመጠም።

«እናትሽ በየቀኑ በሬ ድረስ እየመጣች ትጠይቀኛለች። ባዶ ሜዳ ላይ ላቁማት?» ረጅም ሳል ሳለ። «መጽሐፉ ላይ የት ነው የቀበርኩት?»

«ደረቁ ወንዝ የሚታጠፍበት ጋ። ከትልቁ ግራር ሥር።»

«እዚያ ትልቅ ግራር የለም።»

«እንግዲያው ካለው ዛፍ ሥር አድርገው።»

«ራሱን ወዴት አደረግኩት?»

«ወደ ምዕራብ። በትንሣኤ ሲነሣ ፊቱ ወደ ምሥራቅ እንዲሆን።»

«ድንጋይስ ጫንኩበት?»

«ብዙ» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀና ለመሄድ ዞረ፤ ሳሉ እዚያው በሩ ላይ አንበረከከው። ይህ ሰው አንድ ድንጋይ እንኳ አያነሣም። ምድጃውን አጠፋሁ፣ በሩን ዘጋሁ፣ አካፋውን ከእጁ ተቀበልኩት። ሁቃን አልጠራሁትም፤ እሱ ታፈሰን ይወዳል። የማናውቀው ልጅ ሞተር ላይ ተሳፈርን።

ቦሪን አልፈን፣ መንገዱ ሲያልቅ ወርደን በእግር ሄድን። ደምለው በየጥቂቱ እየቆመ ይተነፍሳል፤ መንገዱን ግን አንዴም አልተሳሳተም። ደረቁ ወንዝ ዳር ሲደርስ ቆመ። በበትሩ አንዲት ቁጥቋጦ የምታክል ዛፍ አሳየኝ።

«እዚህ ነው ያስቀመጥኩት» አለ።

«ይህቺን ነው ጥላ ያልካት?»

«ይህቺን ነው።»

እዚያ ነው ያለቀስኩት። ለጥላዋ አለቀስኩ። የአንድ ሰው ትከሻ እንኳ አትሸፍንም፤ ኪሩ ደግሞ ፀሐይ አይወድም ነበር። ደምለው አላባበለኝም፣ ራቅ ብሎ ቆመ። ሲበቃኝ ፊቴን ጠርጌ ድንጋይ መልቀም ጀመርኩ። እሱም በአቅሙ ትንንሾቹን በእግሩ እየገፋ አቀበለኝ። ድንጋዩ ሲጠራቀም በበትሩ ጫፍ መሬቱ ላይ ሊያሰምር ጎንበስ አለና ቀና ብሎ አየኝ።

«ቁመቱ ምን ያህል ነበር?»

በእጄ ላሳየው ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም። አካፋውን ጣልኩና ራሴን ወደ ምዕራብ አድርጌ በጀርባዬ ተኛሁ። መሬቱ ያቃጥላል። ደምለው እያቃሰተ ከራሴ ጀምሮ በጎኔ እያሰመረ ወረደ፤ እግሬ ጋ ሲደርስ በትሩን አቆመ።

«ጨምርበት» አልኩት። «ከእኔ ይረዝማል።»